ከሃሎጅን ነፃ የሆኑ እሳት ገቺ ንጥረ ነገሮች በኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ውስጥ፦ አሠራራቸው፣ ዋጋቸውና የምርጫ መስፈርታቸው

አጠቃሎ

የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ከእሳት ጋር ሁለት ጊዜ ሊገናኝ ይችላል። አንደኛው በአደጋ በሚነሣ ቃጠሎ ነው፤ ሁለተኛው ገመዱ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ መዳቡን ለማውጣት ሆን ተብሎ በሚለኮስ እሳት ነው። ይህ ጽሑፍ የገመድ ሽፋን እሳት ገቺ ንጥረ ነገሮች በእነዚህ በሁለቱም አጋጣሚዎች መመዘን እንዳለባቸው ይከራከራል። በቅድሚያ ፒቪሲን የመሰሉ ክሎሪን ያላቸው ሽፋኖች በእሳት ውስጥ የሚያሳዩትን ባሕርይ፣ ቀጥሎም በምትካቸው የመጡትን የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይዶች አሠራር በቀላል ስሌት ያሳያል። ከዚያም እነዚህ ማዕድናት በገመዱ ጥንካሬ ላይ የሚያስከትሉትን ጫና፣ ጫናውን ለመቀነስ የሚያገለግሉትን አጋዥ ንጥረ ነገሮች፣ እንዲሁም ከማዕድን ማውጫ እስከ ቁራሊዮ ድረስ ያለውን የአካባቢ ዋጋ ይመረምራል። በመጨረሻም ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚስማማ የምርጫ ቅደም ተከተልና የምርምር ጥያቄዎች ይቀርባሉ።

ቁልፍ ቃላት፦ እሳት ገቺ፣ የገመድ ሽፋን፣ ፒቪሲ፣ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ፣ ዳዮክሲን

1. መግቢያ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1975 በኒውዮርክ ከተማ በሚገኝ አንድ የስልክ ማዕከል ምድር ቤት ውስጥ እሳት ተነሣ። የነደደው በዋነኛነት የስልክ ገመዶች የፒቪሲ ሽፋን ነበር። እሳቱን ለማጥፋት ከ16 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ወሰደ፤ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ ስልኮች ተቋረጡ። በዕለቱ ሕይወቱ ያለፈ ሰው አልነበረም። ሆኖም በጥቁሩ ጭስ ውስጥ የሠሩት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከብዙ ዓመታት በኋላም ስለ ጤናቸው አቤቱታ ማቅረባቸውን አላቆሙም። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ማርች 22 ቀን በአላባማ በሚገኘው የብራውንስ ፌሪ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ የአየር መሹለኪያ ለመፈተሽ የተያዘ ሻማ ገመዶች የሚያልፉበትን የግድግዳ ቀዳዳ መድፈኛ ስፖንጅ አቀጣጠለ። ከ1,600 በላይ ገመዶችም ተጎዱ።

ሁለቱ አደጋዎች አንድ ነገር ግልጽ አደረጉ። ገመድ ከሌሎች የሕንፃ ዕቃዎች ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ በማይታዩ ቀዳዳዎች ያልፋል። ስለዚህ ሽፋኑ ከነደደ እሳቱንም ጭሱንም ሰው ወደሌለበትም ወዳለበትም ስፍራ ይዞ ይጓዛል። በዚህ ምክንያት ከ1970ዎቹ ወዲህ የገመድ ሽፋን ምርምር ከአንድ ጥያቄ ወደ ሦስት ጥያቄዎች ሰፍቷል። ሽፋኑ እሳት ያዛምታልን? ምን ያህል ጭስ ያወጣል? ጭሱ ውስጥስ ምን አለ?

በዚህ ጽሑፍ አራተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ገመዱ አርጅቶ ሲወገድ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ መዳብ ውድ በሆነበትና ሽፋን መላጫ ማሽን በማይገኝበት አገር ሁሉ ከሌሎቹ የማያንስ ክብደት አለው።

2. ፕላስቲክ የሚነድበት መንገድ

ጠጣር ፕላስቲክ እንደ ጠጣር አይነድም። በቅድሚያ ሙቀት ሞለኪውሎቹን ይበጣጥሳቸዋል፤ የተበጣጠሱት ክፍሎች ተቀጣጣይ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ፤ የሚነደውም ይህ ጋዝ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲቀላቀል ነው። ከነበልባሉ የሚመለሰው ሙቀት ደግሞ ተጨማሪ ፕላስቲክ ይበጣጥሳል፤ ዑደቱም በዚሁ ይቀጥላል። እሳት ገቺ ንጥረ ነገር ማለት ይህን ዑደት በአንዱ መጋጠሚያው ላይ የሚያሰናክል ንጥረ ነገር ነው። አንዳንዱ በጋዙ ውስጥ የነበልባሉን ኬሚካዊ ሰንሰለት ይቆርጣል፤ አንዳንዱ ሙቀቱን ይመጣል፤ ሌላው ደግሞ በጠጣሩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ጋዙ እንዳይወጣና ሙቀቱ እንዳይገባ ያግዳል።

የቁሶችን የመንደድ ዝንባሌ ለማነጻጸር ከሚያገለግሉት መለኪያዎች ቀላሉ የኦክስጅን ጠቋሚ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር አንድ ናሙና ሻማ በሚመስል አኳኋን መንደዱን ለመቀጠል የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የኦክስጅን መጠን በመቶኛ ይገልጻል። አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ስላለው፣ ቁጥሩ ከ21 በታች የሆነ ቁስ በአየር ውስጥ በነፃነት ይነዳል። ፖሊኢትሊን 17 ወይም 18 ገደማ ነው። ማለስለሻ ያልተጨመረበት ጠንካራ ፒቪሲ ግን 45 ገደማ ይደርሳል። ፒቪሲ ለረጅም ዘመን የገመድ ሽፋን ገበያን የያዘው ርካሽ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

3. ነባሩ መፍትሔና ዕዳው

ከፒቪሲ ክብደት 57 በመቶ የሚሆነው ክሎሪን ነው። ቁሱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ክሎሪኑ በሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ መልክ ይለቀቃል። ጋዙ በነበልባሉ ውስጥ ያሉትን ንቁ ራዲካሎች ይይዝና ቃጠሎውን ያዳክማል። ይሁን እንጂ ጠንካራ ፒቪሲ ለገመድ አይሆንም፤ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ይጨመርበታል። ማለስለሻው ራሱ ተቀጣጣይ ዘይት በመሆኑ የኦክስጅን ጠቋሚ ቁጥሩ በእጅጉ ይወርዳል። የወረደውን ለመመለስ አንቲሞኒ ትራይኦክሳይድ፣ አንዳንዴም ክሎሪን ያላቸው ፓራፊኖች ይታከላሉ። ስለዚህ በገበያ ላይ ያለው የፒቪሲ ሽፋን አንድ ቁስ ሳይሆን የብዙ ንጥረ ነገሮች ድምር ነው።

ይህ ድምር በእሳት ውስጥ ምን እንደሚሰጥ በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ተራ ሽፋን ከ100 እጅ ፒቪሲ፣ ከ50 እጅ ማለስለሻና ከ50 እጅ ኖራ ድንጋይ ዱቄት ተሠራ እንበል። ንጹሕ ፒቪሲ ከክብደቱ 58 በመቶ ያህል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የዚህ ሽፋን ድርሻ 29 በመቶ ይሆናል። ከ100 ግራም ሽፋን የሚወጣው 29 ግራም ጋዝ በክፍል ሙቀት 19 ሊትር ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። ይህ መጠን 50 ሜትር ኩብ ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ሲሰራጭ 390 ክፍል በሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሕይወት በቅጽበት አስጊ ብሎ የወሰነው የሃይድሮጅን ክሎራይድ መጠን 50 ክፍል በሚሊዮን ነው። እርግጥ የኖራ ድንጋዩ ዱቄት ከጋዙ የተወሰነውን ያስቀራል፤ እርጥብ ግድግዳም ይመጣል፤ በመሆኑም የተሰላው ቁጥር ከፍተኛው ወሰን ነው። ያም ሆኖ ወሰኑ በስምንት እጥፍ ገደማ የሚበልጠው ከአንድ ኪሎ ግራም አንድ አሥረኛ በሆነ ሽፋን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ጋዙ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚሆን ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ ሰውም መውጫ በሩን ማየት ይሳነዋል። እሳቱ ያልደረሰባቸውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችም ይበላል።

ክሎሪንና ብሮሚን ያላቸው ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ደግሞ ሌላ ዕዳ አለባቸው። በአካባቢ ውስጥ ሳይበሰብሱ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ በሕይወት ባላቸው ነገሮች ስብ ውስጥም ይከማቻሉ። ቀደም ሲል በፖሊኢትሊን ሽፋኖች ውስጥ ያገለግል የነበረው ዴካ ብሮሞ ዳይፌኒል ኤተርና አጫጭር ሰንሰለት ያላቸው ክሎሪናዊ ፓራፊኖች እ.ኤ.አ. በ2017 በስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። በ2025 ደግሞ መካከለኛ ሰንሰለት ያላቸው ፓራፊኖች ተከትለዋል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አገር ናት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም ሦስት ቫለንስ ያለውን አንቲሞኒ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ከሚታመንባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። እንግዲህ ነባሩ መፍትሔ ከሁለት ወገን እየጠበበ ነው፤ በአንድ ወገን የጭሱ ጉዳት፣ በሌላው ወገን የሕግ ገደብ።

4. ውኃ ያዘሉ ማዕድናት

አሁን በስፋት የሚታወቀው ምትክ መርሁ ቀላል ነው። ኢትሊን ቪኒል አሲቴት በመሰለ ክሎሪን በሌለው ፖሊመር ውስጥ በመዋቅሩ ውኃ የያዘ ማዕድን በብዛት መቀላቀል ነው። ዋነኞቹ ማዕድናት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ናቸው። የመጀመሪያው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መፍረስ ይጀምራል፤ ከክብደቱም 34.6 በመቶውን በውኃ ተን መልክ ይለቃል። ሁለተኛው እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ 30.9 በመቶ ውኃ ይሰጣል። ሁለቱም ሲፈርሱ ሙቀት ይመጣሉ፤ የቀረው ኦክሳይድም በላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሆናል። የሚወጣው ውኃ እንጂ አሲድ አይደለም።

ማዕድኑ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት 65 በመቶ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና 35 በመቶ ፖሊመር ያለውን 100 ግራም ሽፋን እንውሰድ። ማዕድኑ በግራም 1.2 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሚመጥ፣ 65 ግራሙ 78 ኪሎ ጁል ይመጣል። 35 ግራም ፖሊመር ሙሉ በሙሉ ቢነድ የሚሰጠው ሙቀት ግን 1,300 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ከዚህ ንጽጽር የሚነሣ አንባቢ፣ ማዕድኑ ከጠቅላላው ሙቀት 6 በመቶውን ብቻ ከመጠጠ እንዴት እሳት ሊገታ ይችላል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

መልሱ ንጽጽሩ መደረግ ያለበት ከሚወጣው ሙቀት ጋር ሳይሆን ዑደቱን ለማስቀጠል ወደ ጠጣሩ መመለስ ካለበት ሙቀት ጋር በመሆኑ ላይ ነው። አንድ ግራም ፖሊኢትሊን መሰል ፖሊመርን ወደ ጋዝ ለመለወጥ የሚያስፈልገው 2 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ 35 ግራሙን ለመበጣጠስ 70 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ማዕድኑ በዚህ ላይ 78 ኪሎ ጁል ሲጨምር፣ ነበልባሉ ሽፋኑን ለመመገብ መመለስ ያለበት ሙቀት ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በተጨማሪም ከ100 ግራሙ ውስጥ ሊነድ የሚችለው 35 ግራም ብቻ ነው፤ 22 ግራም ተኩል የሚሆነው ውኃ ተቀጣጣዩን ጋዝ ያቀጥነዋል፤ 42 ግራም ተኩል የሚሆነው አሉሚኒየም ኦክሳይድም ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። የማዕድኑ ኃይል ያለው በእነዚህ አራት ሥራዎች መደራረብ እንጂ በአንዱ ብቻ አይደለም።

ይኸው ስሌት መጠኑ ለምን ከፍተኛ መሆን እንዳለበትም ያስረዳል። ማዕድኑ ወደ 30 በመቶ ቢቀንስ የሚመጠው ሙቀት 36 ኪሎ ጁል ብቻ ይሆናል፤ የሚነደው ፖሊመር ግን ወደ 70 ግራም ከፍ ይላል። በዚያ መጠን ቁሱ በቀላሉ ይነዳል። በተግባር ከ60 እስከ 65 በመቶ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

5. ከፍተኛ መጠን የሚያስከፍለው ዋጋ

ከክብደቱ 65 በመቶው ማዕድን የሆነ ሽፋን፣ ማዕድኑ ከፖሊመሩ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፣ በይዘት ሲሰላ 42 በመቶ ገደማው ማዕድን ነው። እዚህ መጠን ላይ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት ቦታ ይጠባል፤ ሽፋኑ ይደርቃል፤ ሲጎተትም ቶሎ ይበጠሳል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ60502 ደረጃው ለሁለቱ የሽፋን ዓይነቶች ያስቀመጠው መመዘኛ ይህን ልዩነት ያንጸባርቃል። የፒቪሲ የውጭ ሽፋን ቢያንስ 12.5 ሜጋ ፓስካል የመጎተት ጥንካሬና 150 በመቶ የመለጠጥ ዐቅም ሊኖረው ይገባል። ከሃሎጅን ነፃ ለሆነው ሽፋን ግን 9 ሜጋ ፓስካልና 125 በመቶ ይበቃል። ደረጃው ራሱ ቁሱ የደከመ መሆኑን ተቀብሎ ወሰኑን ዝቅ አድርጓል ማለት ነው።

ሌላው ችግር በፋብሪካ ውስጥ የሚታይ ነው። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ከ180 ዲግሪ በላይ ውኃውን መልቀቅ ስለሚጀምር፣ በኤክስትሩደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከፍ ካለ ሽፋኑ አረፋ ይይዛል። ድብልቁ ወፍራም በመሆኑ ደግሞ ማሽኑ ራሱ በፍትጊያ ያሞቀዋል። ለፒቪሲ ታስቦ የተገዛ ማሽን ያለ ማስተካከያ ይህን ድብልቅ በሚፈለገው ፍጥነት ሊያወጣ አይችልም። ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚችል ይህን ገደብ ያቀላል፤ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ነው።

በተጨማሪ እንዲህ ያለው ሽፋን እርጥበት ይስባል፤ የኤሌክትሪክ መከላከል ዐቅሙም ከንጹሕ ፖሊኢትሊን ያንሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ የኃይል ገመዶች ሁለት ክፍል ይኖራቸዋል። መዳቡን በቀጥታ የሚነካው ኢንሱሌሽን ሰንሰለቶቹ በተሳሰሩ ፖሊኢትሊን ይሠራል፤ ማዕድን የሞላበት ሽፋን ደግሞ ከላይ ይለበሳል። በእሳት ጊዜ የላይኛው የውስጡን ይጠብቃል። ሲዘረጋ በስለታም ጠርዝ ላይ ተጎትቶ የተሰነጠቀ ሽፋን ግን ጥበቃውን ያጣል። ስለዚህ የመለጠጥ ዐቅም መቀነስ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእሳት ደኅንነትም ጉዳይ ነው።

6. መጠኑን ለመቀነስ የሚያግዙ ንጥረ ነገሮች

የምርምሩ ትኩረት አሁን ያለው ማዕድኑን በመተካት ሳይሆን በማገዝ ላይ ነው። ከአጋዦቹ የመጀመሪያው ማያያዣ ነው። በቪኒል ሳይሌን የተለበጠ ማዕድን ወይም ማሌይክ አንሃይድራይድ የተጣበቀበት ፖሊመር፣ ማዕድኑንና ፖሊመሩን ስለሚያስተሳስር የጠፋውን ጥንካሬ በከፊል ይመልሳል።

ሁለተኛው ናኖ ሸክላ ነው። ሞንሞሪሎናይት የተባለው ሸክላ በናኖ ሜትር ውፍረት ወዳላቸው ገጾች ሲበተን፣ በጥቂት በመቶ መጠን ብቻ ቅርፊቱን ያጠነክራል፤ የሙቀት ልቀቱንም ጫፍ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ በቀጥታ የምትገናኝበት ነጥብ አለ፤ በአፋር ክልል በገዋኔ አካባቢ ሞንሞሪሎናይት የሚገኝበት ቤንቶናይት አለ። ሆኖም ጥሬው ቤንቶናይት ለዚህ ሥራ አይበቃም። መጣራት፣ ከፖሊመር ጋር እንዲስማማም በኦርጋኒክ አሞኒየም ጨው መታከም አለበት፤ የተለመዱት ጨዎች ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ መፍረስ ይጀምራሉ። ናኖ ሸክላ የኦክስጅን ጠቋሚ ቁጥርን ብዙም እንደማያሻሽል ማስታወስም ይገባል። ጥቅሙ የሚታየው የሙቀት ልቀትን በጊዜ ሂደት በሚለካው በኮን ካሎሪሜትር ነው። በአንድ መለኪያ ብቻ የተደገፈ መደምደሚያ አሳሳች የሚሆነው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ዚንክ ቦሬት ነው፤ ጭስን ይቀንሳል፤ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም የሚቀጥለውን ፍም ያፍናል። አራተኛው ፎስፈረስና ናይትሮጅንን የሚያጣምረው ቡድን ነው። ለምሳሌ አሞኒየም ፖሊፎስፌት በእሳት ጊዜ አብጦ አረፋማ ከሰል ይሠራል፤ በአነስተኛ መጠንም ይሠራል። ነገር ግን ለውኃ ተጋላጭ በመሆኑ በእርጥብ ስፍራ ለሚቀበር ገመድ ጥንቃቄ ይሻል።

በቅርብ ዓመታት ከዕፅዋት የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የተመራማሪዎችን ቀልብ ስበዋል። ሊግኒን በተፈጥሮው ከሰል የመሥራት ዝንባሌ አለው፤ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፊቲክ አሲድ ደግሞ ፎስፈረስ የበዛበት ነው። ሊግኒን በቡና ገለባ ውስጥ፣ ፊቲክ አሲድ ደግሞ በጤፍ ውስጥ ጭምር ስለሚገኝ ርእሱ ለአገራችን ተመራማሪ ቅርብ ነው። ሆኖም ፊቲክ አሲድ በውኃ ይሟሟል፤ ጨዎቹም ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፉ አዮኖች ይሰጣሉ። ስለዚህ ተስፋው ከመዳቡ ጋር በሚነካካው ኢንሱሌሽን ሳይሆን በውጭው ሽፋን፣ ያውም በአጋዥነት ነው። ከዕፅዋት መገኘት ብቻውን የአካባቢ ተስማሚነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

7. የፈተና መለኪያዎች ምን ይናገራሉ?

ገዢ በሻጭ መግለጫ ላይ «እሳት ተከላካይ» የሚል ቃል ሲያነብ የትኛው ፈተና እንደታለፈ መጠየቅ አለበት። የኮሚሽኑ 60332 ደረጃ የመጀመሪያ ክፍል አንድ ነጠላ ገመድ ቆሞ ሲለኮስ እሳት ማዛመት አለማዛመቱን ይፈትሻል። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ በጥቅል የታሰሩ ገመዶችን ይፈትሻል። ነጠላ ሆኖ ያለፈ ገመድ በጥቅል ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱም ጎረቤት ገመዶች እርስ በርስ ይሞቃሉ። በሕንፃ ውስጥ ያሉት ገመዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥቅል ናቸው።

የጭሱን አሲድነት የሚመለከተው 60754 ነው፤ ጋዙ በውኃ ውስጥ ሲያልፍ የውኃው ፒኤች ከ4.3 እንዳይወርድ፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፉም ከ10 ማይክሮ ሲመንስ በሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል። 61034 የተባለው ደግሞ በእያንዳንዱ ጎኑ 3 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ገመድ አቃጥሎ በጭሱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ይለካል፤ 60 በመቶ እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይመከራል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሕንፃ ውስጥ በቋሚነት የሚዘረጉ ገመዶች የሙቀት ልቀትን፣ ጭስን፣ የሚነድ ጠብታንና አሲድነትን በሚያካትት አንድ ምደባ እንዲሸጡ አስገድዷል።

እነዚህ ፈተናዎች አንድ የጋራ ክፍተት አላቸው፤ ሁሉም የሚመለከቱት አዲስ ገመድን በአደጋ እሳት ውስጥ ነው። ከሃሎጅን ነፃ የሆነ ሽፋንም ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። «መርዝ አልባ» የሚለው የንግድ አነጋገር ስለዚህ ትክክል አይደለም። ትክክለኛው አገላለጽ «ጭሱ ያነሰ፣ አሲድ የሌለው» የሚለው ነው።

8. ከማዕድን ማውጫ እስከ ቁራሊዮ

አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚመረተው ከቦክሳይት ነው፤ የማምረቱ ሂደት ቀይ ጭቃ የተባለ አልካላይን ዝቃጭ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2010 በሃንጋሪ አይካ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ የ10 ሰዎች ሕይወት አልፏል። በጭሱ ንጹሕ የሆነው ሽፋን በመነሻው ዕዳ አልባ አለመሆኑን ይህ ያስታውሰናል።

ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ከተፈጥሮ ብሩሳይት፣ ወይም ከባሕር ውኃና ማግኒዚየም ከበዛበት ጨዋማ ውኃ በኖራ አማካይነት ይገኛል። በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ያለው የፖታሽ ክምችት ካርናላይት የተባለውን የፖታሲየምና የማግኒዚየም ክሎራይድ ጨው ይዟል። ከአንድ ቶን ንጹሕ ካርናላይት በንድፈ ሐሳብ እስከ 210 ኪሎ ግራም ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሊገኝ ይችላል። ፖታሽ ሲመረት ማግኒዚየሙ ተረፈ ምርት መሆኑ ሐሳቡን ማራኪ ያደርገዋል። ነገር ግን ኖራውን ለማግኘት ድንጋዩ ሲቃጠል ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ምርት 0.75 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ብቻ ይወጣል፤ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ጨዋማ ፍሳሽም ይቀራል። ይህን ስሌት ያላካተተ «አረንጓዴ» የሚል ስያሜ ግማሽ እውነት ነው።

በሕይወት ዑደቱ መጨረሻ ላይ ግን ሚዛኑ ወደ ሃይድሮክሳይዶች ያደላል። ያረጀ ገመድ ዋጋው መዳቡ ነው። በጋና አክራ በሚገኘው በአግቦግብሎሺ ለዓመታት እንደታየው፣ መላጫ ማሽን የሌለው ሰው መዳቡን የሚያወጣበት ቀላሉ መንገድ ገመዱን ሜዳ ላይ ማቃጠል ነው። የፒቪሲ ገመድ በዚህ አኳኋን ሲቃጠል ዳዮክሲን ለመፈጠር የሚሻቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ካርቦን፣ ክሎሪን፣ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ የሆነ ዝቅተኛ ሙቀት፣ እንዲሁም ለዚህ ሂደት ኃይለኛ ካታሊስት የሆነው መዳብ። የቆዩ የፒቪሲ ሽፋኖች የእርሳስ ማረጋጊያ ስላላቸው አመዱም ይመርዛል። ክሎሪን የሌለው ሽፋን ቢቃጠል ጭስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱ አይቀርም፤ ዳዮክሲን የሚፈጠርበት ዋናው ጥሬ ዕቃ ግን ከመነሻው የለም።

9. ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚስማማ ምርጫ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በከተሞች ረጃጅም ሕንፃዎች እየበዙ ነው፤ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም ተስፋፍተዋል። ይህ ሁሉ በግድግዳ ውስጥ ብዙ ገመድ ማለት ነው። ዛሬ የተቀበረ ገመድ ለዐሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ የዛሬው የሽፋን ምርጫም የነገዎቹን የእሳት አደጋ ሠራተኞችና የነገዎቹን ቁራሊዮ ሰብሳቢዎች ዕጣ ይወስናል። ሁሉንም ፒቪሲ በአንድ ጊዜ መተካት ከዋጋም ከማሽንም አንጻር አዳጋች በመሆኑ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቆማል።

አንደኛ፣ ሰው በብዛት በሚገኝበትና ማምለጫው ጠባብ በሆነበት ስፍራ ሁሉ፣ ማለትም በሆስፒታል፣ በረጃጅም ሕንፃዎች የደረጃ መውጫና ቋሚ የገመድ መተላለፊያ፣ በምድር ውስጥ የባቡር ጣቢያና በመረጃ ማዕከል፣ በጥቅል የተፈተነና ከሃሎጅን ነፃ የሆነ ገመድ ግዴታ ቢሆን። ሁለተኛ፣ በሌሎች ስፍራዎች ፒቪሲ ሲፈቀድ ከእርሳስ ይልቅ በካልሲየምና ዚንክ ማረጋጊያ የተሠራ፣ ክሎሪናዊ ፓራፊንም የሌለው እንዲሆን። ሦስተኛ፣ የሽፋኑ ዓይነት በገመዱ ላይ በማይጠፋ ጽሑፍ እንዲታተም፤ ካልሆነ ከ30 ዓመት በኋላ የሚለየው ሰው አይኖርም። አራተኛ፣ ለቁራሊዮ ሥራ ማኅበራት ቀላል የገመድ መላጫ ማሽን ማቅረብ። ከአራቱ ይህ የመጨረሻው ርካሹ ነው፤ አስቀድመው በየሕንፃው የተዘረጉትን የፒቪሲ ገመዶች በተመለከተም ሌላ አማራጭ የለም።

10. ማጠቃለያ

የገመድ ሽፋን እሳት ገቺ ንጥረ ነገር የአካባቢ ተስማሚነት በንጥረ ነገሩ ስም የሚወሰን አይደለም። የሚወሰነው ገመዱ በሚያልፋቸው ደረጃዎች ሁሉ፣ በተለይም በሁለቱ እሳቶች ነው። የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ሃይድሮክሳይዶች በሁለቱም እሳቶች ከፒቪሲ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ፤ በአንጻሩ በጥንካሬ፣ በማምረት ሂደትና በማዕድን ምንጭ በኩል ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህን ዋጋ መቀነስ የቁስ ሳይንስ ሥራ ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ጥያቄዎች በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራዎች ሊመረመሩ ይችላሉ። የገዋኔ ቤንቶናይት ከተጣራ በኋላ በኢትሊን ቪኒል አሲቴትና በሃይድሮክሳይድ ድብልቅ ውስጥ ምን ያህል ማዕድን ሊያስቀንስ ይችላል? ከካርናላይት የሚገኝ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ለገመድ የሚፈለገውን የቅንጣት መጠንና ከክሎራይድ የጸዳ መሆንን ያሟላልን? በከፍተኛ ቦታ ፀሐይና በቆላ እርጥበት ውስጥ ከዓመታት በኋላ የሽፋኑ የመለጠጥ ዐቅም ከ125 በመቶ በላይ ይቆያልን? የመጨረሻው ጥያቄ ውድ መሣሪያ አይሻም፤ የመጎተት መፈተሻ ማሽን፣ ጥቂት ሜትር ገመድና ትዕግሥት ይበቃዋል። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ የቀረው ኬሚስትሪ ሁሉ ዋጋ ስለሚያጣ፣ ከሦስቱ መጀመር ያለበትም ይኸው ነው።